እኔ ከሌለሁ የማትሠራው ሲዲ

በእኛ ቤተሰብ የሂና ቪዲዮ ስልክ ውስጥ አይገባም። ሕጉን ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ግን የማያውቀው ሰው የለም። ሙሽራዋ፣ ጓደኞቿ፣ አክስቶቿና ጎረቤቶቿ ወንድ በሌለበት አዳራሽ ሻሻቸውን አውልቀው፣ ፀጉራቸውን ለቀው፣ ላብ በላብ እስኪሆኑ የጨፈሩት ጭፈራ ቴሌግራም ላይ ቢወጣ የስንቱ ቤት በር እንደተበረገደ ይቆጠራል። ስለዚህ ቪዲዮ ቀራጯም ሴት ትሆናለች፣ የእንግዶቹ ስልክም በር ላይ ይሰበሰባል፣ ቪዲዮው ደግሞ በሲዲ ሆኖ ከሴት እጅ ወደ ሴት እጅ ብቻ ያልፋል። ጓደኞቼ «በዚህ ዘመን ሲዲ?» ብለው ሙድ ይይዙብኛል። አዎ፣ በዚህ ዘመን። ሲዲ ፎርዋርድ አይደረግም።

የአክስቴ ልጅ ያገባችው ባለፈው ዓመት ነው። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። ያሳደጉት እሳቸው ስለሆኑ አባቴ ራሱ እስከ ዛሬ አንቱ ነው የሚላቸው። ከወሎ መጥተው አዲስ አበባ፣ ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር የተቀመጡት አካባቢው ገና በሬስቶራንትና በገስት ሃውስ ሳይሞላ ነው፤ አሁን ግቢያቸው በሁለት ፎቆች መሀል ተሰንቅሮ ቀርቷል። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት። እና ልክ የሰርጉ ሳምንት ትልቅ ድስት ይዘው ደረጃ ሲወርዱ ወደቁ፣ እግራቸው ተሰበረ። ሂናው የተደገሰው እኛ ሰፈር ሰሚት፣ አንድ ሕንፃ አናት ላይ ያለ አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ ከሊፍቱ የተገጠመው በሩ ብቻ ነው። ሴቶቹ በወንበር ተሸክመን እናወጣዎታለን ብለው ለምነዋቸው ነበር። «ሙሽራዋ እሷ ናት ወይስ እኔ?» ብለው እምቢ አሉ። ልጃቸው እጇን ሂና ስትቀባ እሳቸው እግራቸው በጀሶ ታስሮ አልጋ ላይ ነበሩ።

ሰርጉ አለፈና ሙሽራዋ ባሏን ተከትላ ኮምቦልቻ ገባች። ከመሄዷ በፊት ቀራጯ የሰጠቻትን ፍላሽ እጄ ውስጥ አስቀምጣ ጣቶቼን በላዩ አጠፈቻቸው።

«ለእማዬ በሲዲ አድርጊላት። አይታው ስትጨርስ ከፍላሹም ከላፕቶፑም አጥፊው። ሱቅ ደግሞ እንዳትወስጂው፣ አደራ።»

ሱቅ ያሉት ወንዶች ናቸው። በቤተሰባችን ውስጥ ኮምፒውተር ታውቃለች የምትባለው ሴት ደግሞ እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር የማውቀው ፊልም ከፍላሽ ወደ ፍላሽ መገልበጥ ነበር፤ ግን ማንም ዝርዝሩን አልጠየቀኝም፣ እኔም አላብራራሁም። የአባቴ አሮጌ ላፕቶፕ ጎኑ ላይ ሲዲ የሚውጥ አፍ አለው። እስከዚያ ቀን ያ አፍ ለምን እንደተሠራ አስቤበት አላውቅም። አሁን ግን ሥራ አገኘንለት።

መጀመሪያ አቋራጭ ሞከርኩ። ላፕቶፑን ይዤ አክስቴ ዘንድ ሄድኩና ጭናቸው ላይ ከፈትኩላቸው። ትንሽ አዩ። ልጃቸው አረንጓዴ ለብሳ በሴቶች ተከባ ወደ አዳራሹ ስትገባ የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ በእጃቸው ስክሪኑን ሸፈኑት።

«ዝጊው ሆዴ። ይኼን ሰው ፊት አልችለውም። ብቻዬን ነው የማየው።»

ላፕቶፑን ትቼላቸው ልሄድ አልኩ። እምቢ አሉ። ላፕቶፕ ሲነኩት የሚፈነዳ ይመስላቸዋል። የሚያውቁት ዴካቸውን ነው፤ መንዙማ የሚሰሙበት፣ ከኋላው ሰፊ ከሆነው ቴሌቪዥን ሥር የተቀመጠ፣ የፍላሽ ቀዳዳ የሌለው የድሮ ዲቪዲ ማጫወቻ። ሲዲ ይከታሉ፣ ሪሞቱን ይጫናሉ፣ ይቀመጣሉ። የፈለጉት ያንን ብቻ ነው። በሩን ዘግተው፣ ማንንም ሳይጠሩ፣ የልጃቸውን ሂና ራሳቸው ከፍተው ማየት።

ቀላል መሰለኝ። ፋይሉን ባዶ ሲዲ ላይ ገለበጥኩት፣ በደስታ ሩዋንዳ ወሰድኩት፣ ዴኩ ውስጥ ከተትኩት። ዴኩ አሽከረከረ፣ አሰበ፣ ደግሞ አሽከረከረ፤ ከዚያ ቴሌቪዥኑ ላይ በእንግሊዝኛ አንድ መስመር ጻፈ።

«ምን ይላል?» አሉ አክስቴ።

አላውቃትም ይላል አልኳቸው።

«እንዴት አያውቃትም? እዚሁ ፊቱ አይደለ ያደገችው?»

ያን ቀን ስቀን ተለያየን። እኔ ግን ታክሲ ውስጥ ጥያቄው አልለቀቀኝም። ያው ሲዲ እኮ ላፕቶፑ ላይ ይሠራል። አንዱ የሚያየውን ሌላው የማያየው ለምንድን ነው? ቤት ገብቼ ፈለግኩ። ዩቲዩብ ላይ ይህንን ጉዳይ የሚያስረዱት በሙሉ ሽበታም ፈረንጆች ናቸው፤ ማንም እየሰማቸው እንዳልሆነ እያወቁ እንኳ በትዕግሥት ያስረዳሉ። ከእነሱ የገባኝ ይህ ነው፦ ላፕቶፕ የሰጡትን ሁሉ ከፍቶ ለመሞከር ይታገላል። ዴክ ግን የሚያውቀው አንድ አደራደር ብቻ ነው። ቪዲዮው በዚያ አደራደር፣ በዚያ ስም በተሰየሙ ማኅደሮች ካልተቀመጠለት ምግቡ ፊቱ ቀርቦለት እንኳ አይበላም። ስለዚህ ቪዲዮውን የሚለውጥ ፕሮግራም አወረድኩ። ለውጡ ከሰዓቱን በሙሉ ፈጀ። ላፕቶፑ እንደ ወፍጮ ጮኸ። እናቴ ደጋግማ እየመጣች ሽታ አለው፣ ሊቃጠል ነው ትለኝ ነበር።

ሁለተኛውንም ሲዲ ዴኩ አላወቀውም። ይባስ ብሎ ጭራሽ ሲዲ አልገባልኝም አለ።

በዚህ ጊዜ ወደ ሱቁ ሄድኩ፤ ሲዲውን ሳልይዝ። ኮንዶሚኒየማችን ሥር ፎቶ ኮፒ የሚያነሳ፣ ፊልም የሚጭን፣ የስልክ ቆዳ የሚለጥፍ ሰው አለ። ድሮ ፊልም ያከራይ ስለነበር ከኋላው ያለው መደርደሪያ አሁንም በሲዲ ሙሉ ነው። አንዲት ጓደኛዬ እንዲህ ያለ ችግር ገጥሟት ብዬ ጀመርኩ።

«ሲዲዋን አምጫትና ልያት» አለ።

አይሆንም አልኩት።

«ምን ቢኖርባት ነው?»

ሳላስበው የሒሳብ ትምህርት ነው አልኩ።

«ሒሳብማ ከሆነ አለመሥራቷ ለጓደኛሽ ይሻላል» አለና ሳቀብኝ።

ግን ክፉ ሰው አይደለም። ዘግታታለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ለካ ሲዲ ሲጻፍ መጨረሻ ላይ «ሌላ ነገር ይጨመርብኛል» ብሎ ክፍት ሊቆይ ይችላል፤ ላፕቶፕ ክፍት ሆኖም ያነበዋል፣ ዴክ ግን እስኪዘጋ ይጠብቃል። ፍጥነቱንም ቀንሺ አለኝ፤ በጥድፊያ የተጻፈ ነገር ደብዛዛ ነው። ከዚያ ከመደርደሪያው አንድ የድሮ ፊልም አወረደና ከባዶ ሲዲ ጋር አንድ ላይ ወደ ብርሃን አነሳቸው። የፋብሪካው ብርማ ነው፣ እንደ መስታወት ፊቴን አሳየኝ። ባዶው ወይን ጠጅ ነገር ነው፣ ፊቴም ውስጡ ጠቆር ብሎ ታየ። የፋብሪካው የተጠፈጠፈ ነው አለ፤ ይኼኛው ግን ቀለም ነው፣ ጨረር ነው ቀለሙን እየለበለበ የሚጽፍበት። ብርሃን የሚመልሰውም ትንሽ ነው። ዴኩ ካረጀ ዓይኑ ይደክማል፣ የፋብሪካውን እያነበበ የቤቱን ሊስት ይችላል። ባዶውን ሲዲ ገዝቼ ወጣሁ።

ቤት ስገባ የተጻፈችውን ሲዲ መስኮት ላይ አዘንብዬ አየኋት። ከመሀል ተነስቶ ወደ ውጭ የሚሰፋ ቀለበት አለ፤ የተጻፈበት ድረስ ጠቆር ይላል፣ ከዚያ ባዶው ይጀምራል። በጣት ሊሸፈን የሚችል ቀለበት ነው። ከበሮው፣ እልልታው፣ የሙሽራዋ እጅ፣ እናቴ ስትጨፍር ጫማዋ የወለቀው፣ ሁሉም እዚያ ቀለበት ውስጥ ነው። ብዙ ሰዓት እያዘነበልኩ አየሁ። እናቴ ፊትሽን ነው ወይ የምታይው አለችኝ።

ሦስተኛዋን ሲዲ በዝግታ ጻፍኳት፣ ዘጋኋት። አክስቴ ቤት ስደርስ በሻርፔ ጫፍ ጠረግ አድርጌ ዴኩ ውስጥ ከተትኳት። አሽከረከረ፣ አሰበ፤ ከዚያ ቤቱ በከበሮ ተሞላ። አክስቴ ወዲያው ሪሞቱን አንስተው አቆሙት።

«አላህ ያሳድግሽ። አሁን ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር በረርኩ። ከሩዋንዳ እስከ ቦሌ መንገድ ድረስ ሁሉም ሰው ምን እንደሠራሁ የሚያውቅ መስሎኝ ነበር። ፍላሹን ግን አላጠፋሁም፤ «አይታው ስትጨርስ» ነው የተባልኩት።

በማግስቱ አክስቴ ደወሉ። ትንሽ ሄዳ ምስሉ እንደ ሴራሚክ ተሰባብሮ ቆመ አሉኝ። ሄድኩ። ሲዲዋ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጣ ጠበቀችኝ፤ ጠረግኳት፣ ከተትኳት፣ ሠራች። ወጣሁ። ስልክ ተደወለ፤ ቆማለች። ደግሜ ሄድኩ፤ ሠራች። ወጣሁ፤ ቆመች። ቤተሰቡ መሳቂያ አደረገን። አባቴ ሲዲዋ ሰው ታፍራለች፣ ያለ አጃቢ አትጨፍርም አለ። አክስቴ መጀመሪያ እጅሽ በረካ አለው እያሉ ይስቁ ነበር፤ በኋላ ግን መሳቁን ተዉት። አንድ ቀን ስደርስ ዴኩን ነቅለውት አገኘሁ።

«ተይው በቃ» አሉ። «ያኔም አላየሁ፣ አሁንም አላየሁ። እንዳላይ ተብሎ ይሆናል። ፍላሹንም አጥፊላት፣ ልጄ ሰው እጅ እንዳይገባ ትጨነቃለች።»

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም፤ እሱ ነው የከበደኝ። አብረን እንይ ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አብሮ ማየቱን ከመጀመሪያውም አልፈለጉትም። እኔ እያለሁ የምትሠራ ሲዲ ለእሳቸው ያው የተሰበረች ሲዲ ናት።

ደግሞ እልህ ያዘኝ። ሲዲ እኔ ልኑር አልኑር በምን ታውቃለች? አታውቅም። ስለዚህ እኔ ስኖርና ሳልኖር የሚለይ ሌላ ነገር አለ። መብራቱን ጠየቅኩ፤ ያው ነው፣ ከጎን ገና እየተሠራ ያለው ፎቅም መብራት አልረበሸም። ሪሞቱን አየሁ፣ ባትሪውን ቀየርኩ። መንዙማዎቹ ይሠራሉ ወይ አልኳቸው፤ ሁልጊዜ ይሠራሉ። በመጨረሻ ዴኩን መልሼ ሰካሁና አንድ ነገር ለመንኳቸው።

«እኔ እንደሌለሁ አድርገው ራስዎ ይክፈቱት። ከመጀመሪያው ጀምሮ። እኔ እዚህ ጥግ እቀመጣለሁ፣ አልናገርም።»

አመነቱ። ከዚያ ሲዲዋን ከጠረጴዛው አንስተው ይዘዋት ወደ መኝታ ቤት ሊገቡ ሲሉ ቆሙና አዩኝ። ለካ ጠዋት ያወጧት እኔ ስለምመጣ ነው፤ እኔ ከሌለሁ ግን የምትነሳው ከመኝታ ቤት ነው። «ከመጀመሪያው ጀምሮ ነው ያልሽው?» አሉኝ። አዎ አልኩ። ከገቡ በኋላ የቁም ሣጥን በር ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማሁ። ቆዩ። እያነከሱ ተመልሰው ሲዲዋን ከተቱና ቢስሚላህ ብለው ተጫኑ።

ከበሮው ጀመረ፣ ተንተባተበ፣ ምስሉ ተሰባብሮ ቆመ።

እኔ እዚያው ተቀምጬ! ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። አክስቴ ሲዲ ስትበላሽ የሚስቅ ሰው አይተው ስለማያውቁ ግራ ገባቸው። ተነስቼ የዴኩን አፍ አስከፈትኩት። ሲዲዋ ተንሸራታ ስትወጣ ሽታ አብሮ ወጣ። አውቀዋለሁ፤ አክስቴ ሲያቅፉኝ አንገታቸው ላይ ያለው፣ ከሐጅ የመጣላቸው ቅባት ሽቶ ነው። ሲዲዋን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋኋት። የምትሸተው እሷ ናት። ወደ መስኮቱ አዘነበልኳት። ቀለበቱ አይታይም፤ በላዩ ላይ ቅባት እንደ ጉም ተኝቷል።

የት ነው የሚያስቀምጧት አልኳቸው።

መኝታ ቤት ገብተው አንድ የሐር ሻሽ ይዘው ወጡ፣ አረንጓዴ። ልጃቸው በሂናው ዕለት ወደ አዳራሹ ስትገባ ተከናንባው የነበረ ነው፤ በማግስቱ ለእናቷ አምጥታ ሰጥታቸዋለች። እንዳይበላሽ ሽቶ ጠብ ያደርጉበታል፣ በየጁምዓው።

«በዚህ ነው የጠቀለልኳት» አሉ። «ውስጧ ያሉት ልጆች ሁሉ ራሳቸውን ገልጠው ነው ያሉት። እንዲሁ ገላጣዋን ቴሌቪዥን ሥር ላስቀምጣት? ለእነሱ ብዬ ሸፈንኳት።»

ልስቅ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ሳቁ ጠፋ። ነገሩ ሁሉ አንድ በአንድ ቦታ ቦታውን ያዘ። ልመጣ ነው ስላቸው፣ ሻሹን እንዳላይባቸው፣ ሲዲዋን ቀድመው ያወጧታል። እኔ ደግሞ ሳላስበው በሻርፔ እጠርጋታለሁ፤ ትሠራለች። ስሄድ፣ ሰው የማይመጣበት ሰዓት እስኪደርስ፣ ተመልሳ ትሸፈናለች፣ ሻሹ ቅባቱን ይሰጣታል፣ የደከመው የዴክ ዓይን በቅባት ውስጥ ማየት ያቅተዋል። መንዙማዎቹ የፋብሪካ ናቸው፣ ደግሞ ማንም አልሸፈናቸውም። በረካው እጄ ላይ አልነበረም፤ ሻርፔ ላይ ነበር።

ይህን ሁሉ አስረዳኋቸው። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም ታዲያ ገላጣዋን ልትቀመጥ ነው ወይ የሚል ነበር።

እዚህ ላይ ሽበታሞቹ ፈረንጆች አልረዱኝም፤ የሱቁም ሰው አልረዳኝም። ራሴ አሰብኩ። ሲዲዋን በትንሽ ሳሙናና ውኃ አጠብኳት፤ በክብ ሳይሆን ከመሀል ወደ ዳር በቀጥታ እየሳብኩ አደረቅኳት። ከመንዙማዎቹ መሀል ሲዲው የጠፋበት ባዶ የፕላስቲክ ቤት ነበር፤ እሱ ውስጥ ከተትኳትና ክዳኑን ጠቅ አድርጌ ዘጋሁ። ከዚያ ፕላስቲኩን ለአክስቴ ሰጠኋቸው። ሻሹን ዘርግተው፣ ማዕዘኑን እያገናኙ፣ ሕፃን እንደሚጠቀለል አድርገው ጠቀለሉት። አገላብጠው አዩት።

«ተሸፈነች?»

«ተሸፍናለች።»

መሞከር ነበረብን። መልሰው ወደ ቁም ሣጥን አስገቧት፣ ሻይ አፈሉልኝ፣ ሻዩን ጠጥቼ ስጨርስ ራሳቸው አወጧት፣ ራሳቸው ከተቱ፣ ራሳቸው ተጫኑ። እኔ እጄን ከኋላዬ አድርጌ ቆምኩ። ከበሮው ጀመረ። ምስሉ ቀደም ሲል የሚሰበርበትን ቦታ አልፎ ሄደ፣ ደግሞም ሄደ። አክስቴ አቆሙት።

«ፍላሿ አብራሽ አለች?»

ነበረች፣ ላፕቶፑም በቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እያዩኝ ሁለቱንም አጠፋሁ። ከልቡ መጥፋቱን ሁለቴ ጠየቁኝ። ከዚያ ግንባሬን ስመው እስከ በሩ ሸኙኝ፤ ቀስ ብለው፣ ግን ቶሎ እንድሄድላቸው እየፈለጉ። ቁልፉ ከውስጥ ዞረ። የመስኮቱ መጋረጃ ሲሳብ አየሁ።

ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጫማዬን አሰርኩ። ማሰሪያው ያን ያህል ጊዜ አይፈጅም፤ ሆን ብዬ አዘገየሁት። ከውስጥ ከበሮው ተሰማ፣ ከዚያ ዘፈን፣ ከዚያ እልልታ። ድንገት ቀጥ አለ። ተነስቼ በሩን ልመታ እጄን ስዘረጋ ያው ዘፈን ከትንሽ ቀደም ብሎ እንደገና ጀመረ። እዚያው ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። እንደገና ተመለሰ። አክስቴ ናቸው፤ ሪሞቱ እጃቸው ላይ ነው።

ዘፈኑን አውቀዋለሁ። ቪዲዮው ሲለወጥ ላፕቶፑ ፊት ተቀምጬ ከሰዓቱን በሙሉ ሳየው ውያለሁ። ግን እዚያች ቦታ ላይ ማን ምን እንዳደረገ ማስታወስ አልቻልኩም። ሙሽራዋ ቀና ብላ ወደ በሩ ያየችበት ናት? እጇን ለሂና ቀቢዋ ስትዘረጋ? ወይስ ከኋላ ካሉት ሴቶች አንዷ የአክስቴን ስም ጠርታ ነበር? አሁን ሄጄ የማይበት ቦታ የለም፤ ያለችው ቅጂ እዚያ ውስጥ ናት፣ በሩም ተዘግቷል።

ግቢውን ስወጣ ከጎን ያለው ግንባታ ምሳ ላይ ነበር። አጥሩ ሥር ጥላ ይዞ የተቀመጠ አንድ ሠራተኛ ጆሮውን ወደ ግቢው አዘንብሏል።

«እዚህ ቤት ሰርግ አለ እንዴ?» አለኝ።

«ሂና ነው» አልኩት፣ ወደ ታክሲው እየሄድኩ። ከኋላዬ ዘፈኑ ያን ቦታ አልፎ ሲቀጥል ሰማሁ፤ አክስቴ በዚህኛው አላቆሙትም።